ኒውትሮንና የጎጃም ግብጦ

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ፣ በተከታዩም መስከረም ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫን የሚመለከት የሥራ ዕቅድ ከተፈረመ ወዲህ፣ ስለ አቶም የማያወራ ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። በመኝታ ክፍል፣ በምግብ ቤት ሰልፍ፣ ማታም ከቤተ መጻሕፍት ስንወጣ ወሬው ሁሉ ሜጋዋት ነው። ስንት ሜጋዋት? የት ይተከላል? መቼ ይበራል? እነዚህ ደግ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ግን በእኛ እጅ አይደለም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው መልሱ ቢያንስ በከፊል በተማሪው እጅ ያለውን ሌላ ጥያቄ ነው። ይኸውም፤ ኒውትሮን ውሃ አፍልቶ መብራት ከማብራቱ ሌላ ለምን ይጠቅማል? ለጎጃም ገበሬስ፣ ለጎጃም ተማሪስ ምኑ ነው? የሚለው ነው።

አሳባችንን ከመነሻው ግልጽ እናድርገው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የሚማር ወጣት በኒውትሮን ለመመራመር ሬአክተር እስኪተከልለት ድረስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባውም እንላለን። ለኒውትሮን የሚቀርበው ጥያቄ በእርሻችን ላይ በቅሎ ይታያል፤ ከኒውትሮኑም ጥቂቱ ያለ ማንም ፈቃድ ከሰማይ እየወረደልን ነው፤ የቀረውን ደግሞ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። የጎደለው ጠያቂ ነው። (የውጭ አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን፤ በኛ አቆጣጠር ሲሆን ግን ዓ.ም. ብለን እንለየዋለን።)

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባቸው ወገኖች፣ ለሕግና ለታሪክ ተማሪዎች ማለታችን ነው፤ አይቀየሙን፣ ኒውትሮን ምን እንደሆነ በአጭሩ እንናገር። ኒውትሮን ከፕሮቶን ጋር ሆኖ የአቶምን እምብርት የሚሠራ ቅንጣት ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ካምብሪጅ ላይ መኖሩን አስረዳ፤ በ1935ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው የአቶሙ ኤሌክትሮኖች አያግዱትም፤ እንደ ቤተ ዘመድ ሰተት ብሎ እስከ እምብርቱ ድረስ ይገባል። ከእምብርት ወጥቶ ብቻውን ሲቀር ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ በአማካይ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ራጅን ሁላችንም እናውቃለን። ራጅ በኤሌክትሮኖች ስለሚታገድ ብዙ ኤሌክትሮን ያላቸውን ከባድ ነገሮች አጉልቶ ያሳያል፤ ሥጋን አልፎ አጥንትን ያሳያል፣ እርሳስ ላይ (ማዕድኑን ማለታችን ነው) ሲደርስ ይቆማል። የኒውትሮን ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። እርሳስንና አሉሚኒየምን በቀላሉ ያልፋል፤ ከሁሉ ቀላል የሆነው ሃይድሮጂን ሲያጋጥመው ግን ይበተናል። ሃይድሮጂን ባለበት ደግሞ ውሃ አለ፤ ውሃም ባለበት ሕይወት አለ። ስለዚህ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች አበባ በኒውትሮን ፎቶግራፍ ብትነሣ፣ ሣጥኑ እንደ መስታወት ሆኖ አበባዋ ከነቅጠሏ ትታያለች።

ከዚህም በቀር በሴኮንድ 2,200 ሜትር ያህል የሚጓዝ ዝግ ያለ ኒውትሮን የማዕበል ጠባይ አለው፤ የማዕበሉም ርዝመት በአቶምና በአቶም መካከል ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ስለሆነም ክሪስታልን መትቶ ሲበተን፣ አቶሞቹ የት እንዳሉና እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ይናገራል። ይህን ጥበብ ያቀኑት አሜሪካዊው ክሊፎርድ ሸል በኦክ ሪጅ፣ ካናዳዊው በርትራም ብሮክሃውስ በቾክ ሪቨር ሆነው ሲሆን፣ የሠሩት በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ነው። የኖቤል ሽልማት የደረሳቸው ግን በ1994 ነበር፤ ሁለቱም ሰባውን አልፈዋል። ከሸል ጋር ሥራውን የጀመረው ኧርነስት ወላን ቀኑን ሳያይ በ1984 ሞቷል። ሳይንስ ደመወዝ የሚያዘገይ ጌታ ነው፤ ለዲግሪው ብቻ የሚቸኩል ወዳጃችን ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ።

ግብጦን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ለቀናት በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይቆረጠማል። አረቄም ይወጣዋል። (ከሁለቱ ጥቅሞቹ የመጀመሪያውን ብቻ እናውቃለን ብንል የሚያምነን የለም።) የከተማው ሰው ግብጦን የድሃ እህል አድርጎ ይቆጥረዋል። ገበሬው ግን ሌላው እህል አልበቅልም ባለበት በደከመ መሬት ላይ ይዘራዋል፤ ደጋግሞ ማረስን፣ ብዙ ማረምን፣ ማዳበሪያንም አይጠይቅም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በሥሩ ነው። ከሥሩ ጋር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይስባሉ። ፎስፎረስ ሲያጣ ደግሞ ሥሩ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያሉ አጫጭር ሥሮችን ያወጣና፣ በሎሚ ውስጥ የምናውቀውን ዓይነት አሲድ ወደ አፈሩ ይለቃል፤ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፎረስም ይላቀቃል።

ይህ ለእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ከጮቄ ግርጌ፣ ከስናን እስከ ጎዛምንና ማቻክል ድረስ ያለው ቀይ አፈር የስንት ዘመን ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ስለወሰደበት አሲዳማ ሆኗል። አሲዳማ አፈር ፎስፎረስን ይቆልፋል፤ አሉሚኒየሙን ደግሞ ይፈታውና የሥሩን ጫፍ ይመርዘዋል፤ ገብሱና ስንዴው ይቀጭጫል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ፣ ማጓጓዣው ብቻ የገበሬውን አቅም ይፈታተናል። ስለዚህ አያሌ ገበሬ መሬቱን ለባሕር ዛፍ ለቆለታል። ይህን ለማየት ምርምር አያስፈልግም፤ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በእግር መሄድ ይበቃል።

ታዲያ ያ የግብጦ ሥር ከመሬት በታች ምን እየሠራ ነው? ነቅሎ ማየት አይረዳም፤ ሲነቀል ጥቃቅኑ ሥር ይበጠሳል፣ ሥራውም ያን ጊዜ ይቆማል። ራጅ የአፈሩን ቅርጽ በሚገባ ያሳያል፤ ውሃውን አጉልቶ ለማሳየት ግን ይቸገራል። ኒውትሮን የሚወደው ውሃውን ነው። በስዊዘርላንድ አገር ቪሊገን በተባለ ስፍራ የፓውል ሼረር ተቋም አለ፤ በዚያም ከ1996 ጀምሮ ፈጣን ፕሮቶን እርሳስን እየመታ ኒውትሮን ይፈልቃል። በኒውትሮን ጨረር የተክል ሥርን ለማየት የተነሡ ተመራማሪዎች ለሙከራ የመረጡት ተክል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ነጭ ሉፒን የሚሉት የኛው ግብጦ ነው!

በ2011 በታተመ አንድ ጥናት ግብጦ፣ ሽምብራና በቆሎ ከነአፈራቸው በኒውትሮን ታዩ። ሥር ውሃ ጠጪ ነውና አጠገቡ ያለው አፈር ቀድሞ ይደርቃል ብሎ መገመት የተለመደ ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው፤ ሥሩን የከበበው አፈር ራቅ ብሎ ካለው አፈር ይልቅ ውሃ በዝቶበት ተገኘ። ሥሩ የሚያወጣው ልጋግ መሰል ነገር ውሃውን ይዞ ስለሚያቆይ ነው ይላሉ። በ2013 የታተመው ሌላው ጥናት ደግሞ በከባድ ውሃ የተደረገ ነው። ከባድ ውሃ ሃይድሮጂኑ በዲዩተሪየም የተተካ ውሃ ነው፤ ተክሉ ይጠጣዋል፣ ለኒውትሮን ግን ከተራው ውሃ ይልቅ እጅግ ግልጽ ነው። ስለዚህ በአፈሩ በአንዱ ወገን ከባድ ውሃ ሲጨመር፣ ወደ የትኛው ሥር በምን ያህል ፍጥነት እንደገባ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። በግብጦው ላይ ውሃውን በብዛት የሚስቡት የጎን ሥሮች መሆናቸው፣ አውራው ሥር ግን በአመዛኙ ሰብስቦ ወደ ላይ የሚያስተላልፍ መሆኑ ታየ። ሙጋና ሱሃ፣ ጨሞጋና ተምጫ ለዓባይ እንደሚገብሩ ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ገበሬዎቻችን ለብዙ ትውልድ ዘሩን ጠብቀው ያቆዩት ተክል በአውሮፓ ውድ በሆነ መሣሪያ ፊት ቆሞ ተመረመረ። ይህ አያስከፋንም፤ ዕውቀት የሁሉ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የጠየቁት የራሳቸውን ጥያቄ ነው። ግብጦውን የተከሉት በአሸዋማ አፈር ነው፤ አሸዋ ውሃ ሲጨመርበትና ሲደርቅ በኒውትሮን ጥርት ብሎ ስለሚታይ ነው። የእኛ ቀይ አፈር ሸክላማ ነው፤ ሸክላ ቢደርቅም በውስጡ የታሰረ ሃይድሮጂን ስላለው ምስሉን ያደበዝዛል። በአሸዋ የታየው በስናን አፈር ይታያልን? በአሉሚኒየም በተመረዘ አፈር ላይ ያ ልጋግ ውሃውን እንደያዘ ይቆያልን? የማቻክል ግብጦ ከአውሮፓው ዘር ይለይ ይሆን? በቢቸናና በደጀን ዋልካ ላይ፣ ክረምት ውሃ ሲተኛበት፣ የጤፍ ቀጭን ሥር እንዴት ይተነፍሳል? እነዚህን ጥያቄዎች ከቪሊገን ተነሥቶ የሚጠይቅልን የለም። ለምን ይጠይቃል? ጥያቄው የሚገኘው ከገበሬ ቤት ያደገ፣ ፊዚክስም የተማረ ልጅ ዘንድ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በየዓመቱ በብዛት ይመረቃል፤ ሁለቱን ዕውቀቶች አገናኝቶ እንዲያስብ ግን የነገረው የለም። የፊዚክሱ ተማሪ የእርሻውን ክፍል ደጃፍ አያውቀውም፣ የእርሻውም ተማሪ ፊዚክስ የአንደኛ ዓመት መከራ ሆኖ ያለፈ ይመስለዋል።

የታሪክ ተማሪዎችን ስላስቀየምናቸው ለእነርሱም ጥቂት እንበል። የመርጡለ ማርያም፣ የዲማና የደብረ ወርቅ ገዳማት የብረታ ብረት ንዋያተ ቅድሳት ሳይፋቁና ሳይቆረጡ ከምን ከምን እንደተሠሩ በኒውትሮን ሊታወቅ ይችላል። አንዳንዱ ማዕድን ከምርመራው በኋላ ለጊዜው ራዲዮአክቲቭ ስለሚሆን አቆይቶ መመለስ ያስፈልጋል፤ ካህናቱም ሳይፈቅዱ የሚሞከር ነገር አይደለም። ይህ ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን።

ከሰማይ ስለሚወርደው ኒውትሮን ደግሞ እንነጋገር። ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር አየሩን ሲመታ ኒውትሮን ይፈጠራል፤ እስከ መሬት ወርዶም ወደ አፈሩ ይገባል። ሃይድሮጂን ካጋጠመው ፍጥነቱን ያጣል፣ ካላጋጠመው ተመልሶ ወደ አየር ይበተናል። ስለዚህ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ከመሬት በላይ የሚቆጠረው ፈጣን ኒውትሮን ያንሳል፤ ሲደርቅ ይበዛል። ማሬክ ዝሬዳና ባልደረቦቹ ይህን ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በ2008 ለአፈር እርጥበት መለኪያነት አቅርበውት ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። አንድ ቆጣሪ በእንጨት ላይ ይሰቀልና ዙሪያውን ከ100 ሜትር በላይ ርቀት፣ ወደ ታችም እንደ እርጥበቱ መጠን ከ15 እስከ 80 ሴንቲሜትር ድረስ ያለውን አፈር በአንድነት ይለካል። መቆፈር የለም፤ ሰው የሚያሰጋ ራዲዮአክቲቭ ነገርም የለበትም፤ ምክንያቱም ምንጩ ሰማይ ነው።

ይህ መሣሪያ ቁጥሩን በፍጥነት የሚሰበስበው ከፍ ባለ ስፍራ ነው። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር የኒውትሮኑ ብዛት በግምት እጥፍ ይሆናልና። እርግጥ ነው፣ በምድር ወገብ አካባቢ የምድር መግነጢስ ከጠፈሩ ጨረር ከፊሉን ይመልሰዋል፤ ከፍታው ግን ያንን ይክሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ትገኛለች፤ ጮቄ ደግሞ 4,000 ሜትርን ያልፋል። ተራራው ራሱ ግማሽ መሣሪያ ነው ለማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን የመጀመሪያ አይደለም። በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር፣ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ ያቋቋሙትም ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ዓለም አዲስ አበባን የፈለጋት ሀብታም ስለሆነች አልነበረም። ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ፣ ሌሎች ከተሞች የማይለኩትን መለካት ስለምትችል ነው። ቦታዋ ሰጣት፤ ሰው ደግሞ ቦታዋን ተጠቀመበት።

ጮቄም እንዲሁ ነው። ከጉያው የሚወጡት ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ከወንዞቹ ጋርም አፈሩ ይወርዳል። ዝናብ ሲመጣ ምን ያህሉ ሰርጎ እንደሚገባና ምን ያህሉ አፈር ይዞ እንደሚሮጥ የሚወስነው አንዱ ነገር፣ አፈሩ ከዝናቡ በፊት የነበረው እርጥበት ነው። በደምበጫ አካባቢ አንጀኒ በተባለው ስፍራ ከ1984 ጀምሮ 113 ሄክታር በሚሆን ተፋሰስ ላይ ዝናብ፣ ጎርፍና የታጠበ አፈር ሲለካ ኖሯል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ረጅም የልኬት መዝገብ ባለበት እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ የኒውትሮን ቆጣሪ ቢጨመር፣ ከዜሮ የሚጀመር ነገር አይኖርም። ዋጋውስ? አንድ ቆጣሪ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ከሚቆመው ከአንድ ላንድ ክሩዘር ያነሰ ነው። ከዚህ በላይ አናብራራውም።

መሣሪያውን መስክ ላይ ማቆም ዛሬ ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ያየውን ግጭት ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ መንገድ ሲዘጋ መለኪያ ጠባቂም ተመራማሪም አይደርስም። ስለዚህ በመጀመሪያ ከተማ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለ ሣር ላይ ቢቆም እንኳ ብዙ ትምህርት ይገኝበታል። ቆጣሪው እንዴት እንደሚሠራ፣ የአየር ግፊትና የአየሩ እርጥበት ቁጥሩን እንዴት እንደሚለውጡት፣ ስሕተቱ ስንት እንደሆነ፣ እነዚህን የሚያውቅ ተማሪ በየትም ትልቅ የጨረር አዳራሽ ቢገባ ባዳ አይሆንም።

አንዳንድ ወገኖች ታዲያ ለምን ሬአክተር አንጠይቅም? እንዲያውም ለምን ደብረ ማርቆስ ላይ አይሠራም? ሊሉን ይችላሉ። በዚህ ላይ አሳባችን ከብዙዎቹ ወዳጆቻችን ይለያል። በአፍሪካ የመጀመሪያው የምርምር ሬአክተር በ1959 የተተከለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር፤ በዛሬይቱ ኪንሻሳ፣ በሎቫኒየም። ተከታዩ ሁለተኛው ሬአክተር በ1972 ሥራ ጀመረና በ2004 ቆመ። በመካከሉ ሁለት የነዳጅ ዘንጎች ጠፍተው አንዱ በ1998 ጣሊያን አገር ተገኝቷል። ጋና ደግሞ በንክሩማ ዘመን የጀመረችው የሬአክተር ሥራ ከ1966 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ተቋረጠ፤ 30 ኪሎዋት የሆነችው ትንሿ ሬአክተር ሥራ የጀመረችው በ1994 መጨረሻ ነው። ጋናውያን ታግሠው ሰው አሠልጥነው ስለነበር ተጠቅመውባታል፤ በ2017ም ነዳጇን እምብዛም ወዳልበለጸገ ዩራኒየም ለውጠዋል። ናይጄሪያም በ2004 በዛሪያ አህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይዋን አስነሥታለች። ነገር ግን እነዚህ ትናንሽ ሬአክተሮች በዋናነት የሚያገለግሉት በአንድ ናሙና ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ለመመርመር ነው፤ የሥርን ውሃ በየደቂቃው ለማየት ኃይላቸው አይበቃም። የፈረንሳይዋ ግሬኖብል ሬአክተር 58 ሜጋዋት ነው፤ የጋናን ሁለት ሺህ እጥፍ ያህላል ማለት ነው። ሬአክተር እንደ በሬ ነው፤ ከመግዛቱ ይልቅ መቀለቡና መጠበቁ ይከብዳል። ሰላምና ባጀት ሲኖር ለአገር አንድ ይበቃል፤ የትም ይሁን የት ሁሉም ይጠቀምበት። ከዚያ በፊት ግን ተጠቃሚው ሰው ይኑር።

የኃይል ማመንጫውን ዕቅድ ለሚያዘጋጁት ሹማምንት የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 ነው። ከዚያ ወዲህ በቃሊቲ የገንዲ በሽታ አስተላላፊው ዝንብ ወንዱ በጨረር እንዲመክን ተደርጓል፤ በጥቁር አንበሳም የካንሰር ሕሙማን በኮባልት ጨረር ታክመዋል። እነዚህ የጋማ ሥራዎች ናቸው፤ የሚያኮሩም ናቸው። የኒውትሮን ተራ ግን ገና ነው። ማመንጫው ሲታሰብ አብሮ ያልታሰበ የምርምር ትምህርት በኋላ አይገኝም። ቁልፉን የሚያዞር ቴክኒሽያን ብቻ ካሠለጠንን፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ በተበላሸም ቁጥር ቴሌግራም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። (የዛሬውን ቴሌግራም ማለታችን ነው፤ ያው ነው።)

የዳቦ ጥያቄ ሳይመለስ የኒውትሮን ጥያቄ ቅንጦት ነው የሚሉን ደግሞ አሉ። እነዚህን ወገኖች እናከብራቸዋለን፤ ለድሃው ተቆርቁረው ነውና። ግን ከላይ የዘረዘርነው ምንድን ነው? የግብጦ ሥር፣ የጤፍ ሥር፣ የቀይ አፈር አሲድ፣ የጮቄ ውሃ! ከዚህ የበለጠ የዳቦ ጥያቄ እኛ አናውቅም። ጨረር ያስፈራናል ለሚሉትም፤ መፍራት ተገቢ ነው እንላለን። የአፈር እርጥበት የሚለካበት ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ፤ በውስጡ አሜሪሲየምና ቤሪሊየም የያዘ ምንጭ አለው። እርሱ በሕግ ፈቃድ፣ በቁልፍና በመዝገብ ካልሆነ በቀር ማንም ተማሪ እጅ መግባት የለበትም። ስለዚህም ነው በሰማዩ እንጀምር የምንለው።

የሚያስጨንቀን ሌላው ተቃውሞ ነው። ልጁ ወደ ውጭ ከሄደ ይቀራል ይሉናል። እውነት ነው፤ ብዙዎች ቀርተዋል። ግን የቀሩት ለምን ቀሩ? ያጠኑት ጥያቄ የሄዱበት አገር ጥያቄ ስለነበረ፣ ወደዚህ ሲመለሱ ጥያቄውን የሚቀጥሉበት ስፍራ ስላልነበረ አይደለምን? የስናንን አፈር ይዞ የሄደ ሰው ግን አፈሩ ሲያልቅበት ወደ ስናን መመለስ አለበት። ቢቀር እንኳ ከዚህ ካለው ጓደኛው ጋር ተጻጽፎ መሥራት ይገደዳል፤ ክረምቱን የሚያይለት፣ ዘሩን የሚልክለት እርሱ ነውና።

ጠይቆ ማግኘት ይቻላል ያልነው ቀልድ አይደለም። እንደ አሜሪካው ኦክ ሪጅ ያሉ ትልልቅ የኒውትሮን አዳራሾች በዓመት በተወሰኑ ጊዜያት የምርምር ማመልከቻ ይቀበላሉ። ገምጋሚዎች ጥያቄው ጥሩ ነው ወይ ብለው ይመዝናሉ፤ ውጤቱ ለሁሉ የሚታተም ከሆነ ለጨረሩ ሰዓት ክፍያ አይጠይቁም። የአውሮፕላኑ ቲኬትና ቪዛው ሌላ መከራ ነው፤ አንክደውም። በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ በፔሊንዳባ ከ1965 ጀምሮ 20 ሜጋዋት የሆነው ሳፋሪ አንድ ሬአክተር አለ፤ ዋና ሥራው የሕክምና አይሶቶፕ ማምረት ቢሆንም የኒውትሮን ጨረር መሣሪያዎችም ተሠርተውለታል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገራችን ሰው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ልጆች ይህን ተረት ልንረሳው አይገባም ነበር።

ስለዚህ ከፊዚክስ፣ ከዕፅዋት ሳይንስና ከአፈር ትምህርት ክፍል ሁለት ሁለት ተማሪዎች ከአንድ ፈቃደኛ መምህር ጋር ሆነው አንድ ማመልከቻ በዚህ ዓመት ይጻፉ እንላለን። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፤ ግብጦ በአሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ በሥሩ ዙሪያ ውሃ ይይዛል ወይስ አይይዝም? ዘሩ ከማቻክል ገበያ ይገዛ፤ አፈሩ ከስናን ይምጣ፤ ግማሹ እንዳለ ይቀመጥ፣ ግማሹ ኖራ ይጨመርበት። የሚተከልበት ሣጥን ከአሉሚኒየም ይሠራ፤ ውፍረቱ አንድ ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ከዚያ ከወፈረ ኒውትሮኑ አልፎ አይመጣምና። ወደ ውጭ አገር አፈር ለመላክ የዕፅዋት ጤና ፈቃድ ስለሚያስፈልግ እርሱን ከወዲሁ መጠየቅ ይገባል። ሣጥኑን የሚቆርጥልን ቆርቆሮ ሠሪ ግን እዚሁ ገበያው ውስጥ ሞልቷል።